«አግኝተው ደፍነውት ሄዱ» ይባላል፤ እውነቱ ምንድን ነው?

ወረኢሉ_27
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰዎች አጥብቀው ሲከራከሩበት ሰማሁና ወደ እናንተ ላምጣው አልኩ።

ያደግኩት ከወረኢሉ ወረድ ብሎ ባለ ቆላ ነው። ከብት ከምንጠብቅበት ገደል ሥር አንዲት ትንሽ ምንጭ አለች። ውሃዋ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት ይንሳፈፋል። ዳር ዳሯ ያለው ድንጋይ ጠቁሯል፤ በበጋ ጠጋ ሲሉ ደግሞ ላምባ ላምባ ይሸታል። ከብቶቹ አሽትተው ይመለሳሉ እንጂ አይጠጡትም። አያቴ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «በጃንሆይ ጊዜ ፈረንጆች መጡ፣ ቆፈሩ፣ ነዳጁን አገኙት፤ ከዚያ ለልጅ ልጆቻቸው እንዲቆይ በሲሚንቶ ደፍነውት ሄዱ» ይሉን ነበር። እኛ ሰፈር ማንም አልቆፈረም፤ ወሬው ግን እኛም ዘንድ አለ፣ ሌላም አገር አለ።

እውነት አግኝተው ነው የደፈኑት? እንዲያ ካልሆነ ለምን ይደፈናል? ኬንያና ኡጋንዳ አገኙ ሲባል የእኛ ምን ሆነ? የሚያውቅ ሰው በደንብ ቢያስረዳኝ አመሰግናለሁ።

የሾፌር_ልጅ
ጥር 3፣ ከምሽቱ 2፡48

አባቴ የኦጋዴን መስመር የጭነት ሾፌር ነበር። በዓይኑ ያየውን ነው የሚነግረን። በረሃ መሃል፣ ሰው በማይኖርበት ሜዳ ላይ፣ ከሲሚንቶ ክምር የወጣ ወፍራም ቱቦ ቆሟል። አናቱ በብረት ተበይዷል፣ ቁጥርም ተጽፎበታል። ወርዶ በድንጋይ ሲመታው «እንደ ደወል ይጮሃል» ይላል። ባዶ ከነበረ ማን ያን ያህል ደክሞ ይዘጋዋል? ይህን የሚመልስልኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ባለመዶሻ
ጥር 3፣ ከሌሊቱ 5፡30

እኔ ልሞክር። ጂኦሎጂስት ነኝ። በዚህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ግማሹን ያሳለፍኩት ቁፋሮ ላይ ነው።

የሾፌር ልጅ፣ አባትህ ያዩት ልክ ነው። የተዘጋ ጉድጓድ ምልክት ነው። ነገር ግን የነዳጅ ጉድጓድ ሥራው ሲያበቃ ሁልጊዜ ይደፈናል። ደረቁም ይደፈናል፤ ትንሽ ምልክት የታየበትም ይደፈናል፤ ሠላሳ ዓመት አምርቶ የነጠፈውም ይደፈናል። ምክንያቱ ይህ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር የወረደ ጉድጓድ ብዙ ንብርብር ይበሳል። ከላይ ሰውና ከብት የሚጠጣው ጣፋጭ ውሃ አለ፤ ዝቅ ሲል ጨዋማ ውሃ፣ አንዳንዴም ጋዝ አለ። እነዚህ በሚሊዮን ዓመታት ተነካክተው አያውቁም። ጉድጓዱ ክፍት ከተተወ መሰላል ይሆናቸዋል፤ ጨዋማው ወደ ጣፋጩ ይወጣል፣ ጋዙም አናቱ ላይ ደርሶ እሳት ያስነሳል። ስለዚህ በተለያየ ጥልቀት የሲሚንቶ ውታፍ ይጣልበታል፣ አፉ ይበየዳል፣ ቁጥሩ ይጻፍበታል። ይህ የውሃ ጥበቃ ነው።

ታዲያ «አገኙት» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እኔ ሲወለድ አይቼዋለሁ። የኩባንያውንም የጉድጓዱንም ስም ልተወው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነበርን፣ የሌሊት ፈረቃ። የመቆፈሪያው ጥርስ የሚፈጨው ድንጋይ ወደ ጉድጓዱ ከሚገፋው የቁፋሮ ጭቃ ጋር እየተመለሰ ወንፊት ላይ ይወድቃል። እኛ በየጥቂት ሜትሩ አንድ እፍኝ እንወስዳለን፣ እናጥባለን፣ ከዚያ ጨለማ ሳጥን ውስጥ አስገብተን አልትራቫዮሌት መብራት እናበራበታለን። ነዳጅ የነካው አሸዋ በዚያ መብራት ያበራል። በዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳጥኑ ውስጥ ጥቂት ቅንጣቶች ወርቃማ ሆነው አበሩ። ጠብታ ፈሳሽ ስንጨምርባቸው ብርሃኑ እንደ ጭስ እየፈሰሰ ወጣ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ወንፊቱን የሚያጸዱት ልጆች በየተራ አጮልቀው አዩ። ሲነጋ ግማሹ ካምፕ ቤቱ ደውሎ «ተገኘ!» ብሏል።

ከዚያ መለኪያ መሣሪያ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። አሸዋው ቀጭን ነው፤ ቀዳዳዎቹ በአብዛኛው በውሃ የተሞሉ ናቸው፤ ያበራው ነዳጅ በአንድ ወቅት ያልፍ የነበረው ትራፊ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጉድጓዱ ተደፈነ፣ ማሽኑም ተነቅሎ ሄደ። አሁን ራሳችሁን በዚያ ወጣት ቦታ አስቀምጡ። በዓይኑ ያበራውን አይቷል። ሲደፈንም አይቷል። በመካከሉ ስለተለካው ነገር ማንም አልነገረውም። «አግኝተው ደፈኑት» ቢል ይፈረድበታል? እኔ አልፈርድበትም።

በእኛ ሙያ ምልክት ማየትና ማግኘት ለየቅል ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ አገር ብዙ ገንዘብ አስበልቷል።

ጂኦ_ተማሪ_3ኛ_ዓመት
ጥር 4፣ ጠዋት 1፡20

ጋሽ ባለመዶሻ እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ሁልጊዜ ያምታታኛል። «የአባይ ተፋሰስ» ሲባል እኔ የማውቀው ውሃው ወደ አባይ የሚፈስበትን አገር ነው። መምህራችን ደግሞ «ለነዳጅ ተስፋ ያለው ተፋሰስ» ይላሉ። ሁለቱ አንድ ናቸው? ወረኢሉስ በየትኛው ውስጥ ነው የሚገባው?

ባለመዶሻ
ጥር 4፣ ከሰዓት በኋላ 7፡05

ቃሉ አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። የወንዝ ተፋሰስ ዝናቡ ዛሬ የሚፈስበት መሬት ነው። የደለል ተፋሰስ ደግሞ መሬት በሚሊዮን ዓመታት እየሰመጠች፣ ባሕርም ሐይቅም ወንዝም አሸዋና ጭቃ እየከመሩባት የሞላች ጎድጓዳ ናት። ላይዋ ዛሬ ተራራ ሊሆን ይችላል። የእኛ ዋና ዋናዎቹ ኦጋዴን፣ አባይ፣ መቀሌ፣ ጋምቤላ እና የደቡብ ስምጥ ሸለቆዎቹ ኦሞና ጨው ባሕር ናቸው። ኦጋዴን ብቻውን 350,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጀርመንን ያክላል።

የደለል ተፋሰስ ሆዱ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልገውም። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ይውረድ። አውቶብስ ላይ ከሆንክ በመስኮት በኩል ተቀመጥ። አፋፉ ላይ የምታየው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ። ጠመዝማዛውን ስትጀምር ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ ትደርሳለህ። ቀጥሎ ነጭና ቢጫ የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ዛሬ ከባሕር በዚህ ያህል ርቀን እኛ ዘንድ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር እንደነበረ የሚመሰክር፣ የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅሪት ያለበት። ዝቅ ሲል እንደ ኬክ የተደራረበ ጀሶና የጭቃ ድንጋይ አለ፤ ባሕሩ ሲደርቅና ሲሞላ የኖረበት ጊዜ ነው። ወደ ወንዙ ስትቃረብ ቀይ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ግድግዳ ሆኖ ይቆማል። 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በአንድ ሰዓት መንገድ ይህን ሁሉ ዘመን ትወርደዋለህ።

አሁን ደግሞ በነዳጅ ፈላጊ ዓይን እየው። ነዳጅ እንዲኖር በመጀመሪያ የሞቱ ጥቃቅን ሕያዋን የተቀበሩበት ጥቁር ጭቃ ያስፈልጋል። እናት ድንጋይ በለው። ሁለተኛ ሙቀት። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት በምጣድ ነው የመሰልኩላት፤ ምጣዱ ካልጋለ ሊጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፣ ከመጠን በላይ ከጋለ ያራል። ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል ድፍድፍ ነዳጅ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ እየጋለ ሲሄድ ጋዝ ብቻ ይሆናል። ሦስተኛ፣ የወጣውን የሚይዝ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ፤ የአዲግራቱ አሸዋ ድንጋይ ለዚህ ተመራጭ ነው። አራተኛ፣ የማያሳልፍ ክዳን፤ ጀሶው ክዳን ይሆናል። አምስተኛ፣ ንብርብሩ ጎብጦ ወይም ተሰብሮ የሚፈጥረው ወጥመድ። ሁሉም ኖረው ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ ዋጋ የለውም። ወጥመዱ የተሠራው ነዳጁ ካለፈ በኋላ ከሆነ ባዶ ወጥመድ ነው።

የአባይ ተፋሰስ ድንጋዮቹ አሉት። ወረኢሉም በዚሁ ተፋሰስ ላይ ነች፤ እዚያ አካባቢ ከዓለት የሚንጠባጠብ ዘይት እንዳለ በሙያችን ጽሑፎች ከታወቀ ቆይቷል። ስለዚህ የወረኢሉ ልጅ፣ ያየኸው ነገር ከንቱ ላይሆን ይችላል። ችግሩ ያው ያሳየኋችሁ ውብ ገደል ነው። አባይ ማከማቻውን ድንጋይ እስከ ታች ሰንጥቆታል። የተሰነጠቀ እንስራ ውሃ አይይዝም። ዘይት መንጠባጠቡ እናት ድንጋዩ እንደሠራ ይመሰክራል፤ ያው መንጠባጠብ እያፈሰሰ መሆኑንም ይመሰክራል። ከገደሉ ርቆ፣ ደጋው ሥር፣ ያልተሰነጠቀ ወጥመድ ይኖር ይሆን? እኔ አለ ብዬ ተስፋ ከሚያደርጉት ነኝ፤ ግን የሚያረጋግጠው መሰርሰሪያ ብቻ ነው።

ሂውስተን_ነኝ
ጥር 4፣ ከምሽቱ 4፡40

ጋሼ ያነሱት ደጋ ላይ እኔ ልጨምር፤ የማስተናግደው የሳይስሚክ መረጃ ነው፣ እንጀራዬ ይኸው ነው።

ሳይስሚክ ማለት ከላይ መሬቱን ታንቀጠቅጣለህ፤ ድምፁ ወርዶ እያንዳንዱ ንብርብር ላይ ተጋጭቶ ሲመለስ በተዘረጋ ማዳመጫ ትቀበለዋለህ። የመመለሻው ጊዜ ጥልቀቱን ይነግርሃል። ኦጋዴን ላይ ይህ ጥሩ ይሠራል፤ ሜዳ ነው፣ ንብርብሩ ጸጥ ያለ ነው። ወሎና ጎጃም ደጋ ላይ ግን ከላይ እስከ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚወፍር ባዛልት ተጭኗል። አንዱ ጠንካራ ፍሳሽ፣ በላዩ የተበላሸ አፈር፣ እንደገና ጠንካራ። ድምፁ እዚያው ውስጥ ሲንጫጫ ይቀራል። ከሥር የሚመለሰው በጣም ትንሽ ነው፤ ያውም በጫጫታ ተውጦ። አንድ ጊዜ ከባዛልት ሥር የተነሳ መስመር ላይ ሦስት ወር ሠርቼ፣ በመጨረሻ ለአለቃዬ ያሳየሁት አንዲት ደብዛዛ ጥምዝ መስመር ነበረች። እኔ አየኋት፤ እሱ አላያትም።

ለዚህ ነው ሌሎች ዘዴዎች የሚታከሉት። በአውሮፕላን የስበት ልኬት ይወሰዳል፤ ደለል ከባዛልት ይቀላልና ጎድጓዳው የት እንዳለ ይጠቁማል። የምድርን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለካም አለ። ሁሉም ግን ሥዕሉን ያጠባሉ እንጂ ነዳጁን አያሳዩም። ከዚያ በኋላ አንድ ጉድጓድ በአስር ሚሊዮኖች ዶላር ይቆፈራል። በማይታይ ነገር ላይ ይህን ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ ማግኘት ከባድ ነው። ደጋችን ያልተቆፈረው ማንም ስለደበቀው አይደለም።

አርባምንጭ_ሰፈር
ጥር 5፣ ጠዋት 3፡15

ሁሉም መልካም ነው፣ ግን ልቤን አላሳረፈልኝም። ቱርካና ሐይቅ ላይ ድንበሩ የሰው መስመር ነው፤ ድንጋዩ ድንበር አያውቅም። ወዲያ ማዶ ሲቆፈር ነዳጅ፣ ወዲህ ማዶ ሲቆፈር ባዶ፣ ይህ እንዴት ይሆናል? እኔ ጉዳዩ የፖለቲካ ነው ባይ ነኝ። ኩባንያዎቹ መቼ እውነቱን ይነግሩናል?

ባለመዶሻ
ጥር 5፣ ከሰዓት በኋላ 8፡00

ጥያቄህ ተገቢ ነው። እኔም በጊዜው ያንገበገበኝ ጉዳይ ነው።

ኬንያ ያገኘችው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 ደቡብ ሎኪቻር በሚባል ትንሽ ተፋሰስ ነው። ጉድጓዱ ንጋሚያ ይባላል፤ በስዋሂሊ ግመል ማለት ነው። ያገኘው ቱሎው የሚባለው ኩባንያ ነው። ይኸው ኩባንያ ኡጋንዳ ውስጥ፣ አልበርት ሐይቅ ዳር፣ ከ2006 ጀምሮ በተከታታይ በተገኙት ጉድጓዶች ውስጥም እጁ ነበረበት። ስለዚህ ወደ እኛ ሲመጣ ስምጥ ሸለቆ ያውቃል፣ ማግኘትም ይፈልጋል። በ2013 እና 2014 አራት ጉድጓድ ቆፈረ፤ ሳቢሳ፣ ቱልቱሌ፣ ሺመላ፣ ጋርዲም። ሳቢሳ ላይ የድፍድፍና የጋዝ ምልክት ታየ። እንደነገርኳችሁ ምልክት ነው። የሚያዋጣ ግን ከአራቱ በአንዱም አልተገኘም። ኩባንያው ለቆ ሄደ። አግኝቶ ቢሆን ኖሮ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ይተኮስ ነበር፤ ለንደን ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ ግኝት መደበቅ አይጠቅመውም።

ድንጋዩ ድንበር አያውቅም ያልከው እውነት ነው። ግን ስምጥ ሸለቆ አንድ ወጥ ቦይ አይደለም። ጎን ለጎን የተደረደሩ ጎድጓዳዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ ሐይቅ፣ የራሱ ታሪክ ነበረው። ደቡብ ሎኪቻር ውስጥ ጥልቅና ጸጥ ያለ ሐይቅ ለረጅም ዘመን ቆይቷል፤ ታቹ አየር የሌለው ስለነበር የሞተው ሁሉ ሳይበሰብስ ተቀበረ። ጎረቤት ጎድጓዳ ደግሞ በእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ ሊሞላ ይችላል። ጋርዲም ላይ የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተቀላቅሎ ነው የተገኘው። አንድ እናት የወለደቻቸው ልጆች እንኳ መልካቸው ይለያያል።

ጋምቤላም እንዲሁ ነው። ከደቡብ ሱዳን የሜሉት ተፋሰስ ጋር የሚያያዝ ነው፤ እዚያ ማዶ ብዙ ነዳጅ አለ። በእኛ በኩል ፔትሮናስ የሚባለው የማሌዥያ ኩባንያ በ2006 ጂካው ላይ ቆፈረ፤ ደረቅ ሆነ። አንድ ጉድጓድ በአንድ ሰፊ ተፋሰስ! ኖርዌይ ባሕር ውስጥ ከሠላሳ በላይ ጉድጓድ ቆፍራ ከከሸፈባት በኋላ ነው በ1969 ኤኮፊስክ የተባለውን ትልቅ የነዳጅ መስክ ያገኘችው። እኛ ገና ጥያቄውን በደንብ አልጠየቅነውም።

ስለ መደበቅ ያልከውን ግን ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ኩባንያ ነዳጅ አይደብቅም፤ መረጃ ግን ይይዛል። ውሉ የሚፈቅድለት የምስጢር ጊዜ አለ፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ በዚያ ጊዜም ከዚያም በኋላ አይነገረውም። ቀበሌው አዳራሽ መጥቶ «ይህን ያህል ቆፈርን፣ ይህን አየን፣ በዚህ ምክንያት ዘጋነው» የሚል ሰው በሥራ ዘመኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። እሱን ያደረገው ወጣት ባለሙያ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠየቁት፣ ከዚያ መረቁት። በዚያ አካባቢ «ደፈኑት» የሚል ወሬ እስካሁን አልሰማሁም።

ቀብሪደሃር_ኤ
ጥር 6፣ ከምሽቱ 3፡25

ክቡራን ወንድሞች፣ ስለ ኦጋዴን ብዙ ተባለ፣ እዚያ የተወለደ ሰው ግን አልተናገረም። ልናገር።

እኛ ዘንድ ጋዝ የለም ያለ ሰው የለም። ካሉብና ሂላላ ቴኔኮ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጀመሪያ ነው ያገኛቸው። ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፣ ሄዱ። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች መጥተው ብዙ ጉድጓድ ቆፈሩ። እነሱም ሄዱ። ፔትሮናስ መጣ፣ ሄደ። ቻይናዎች መጡ። አባቴ ሁሉንም አይቷል፤ ለእነዚያ ሁሉ ካምፖች በግመል ውሃ አመላልሷል። ሚያዝያ 2007 በፈረንጆቹ አቦሌ ላይ የፍለጋ ካምፕ ተጠቅቶ 74 ሰው አልቋል፤ ዘጠኙ ቻይናውያን፣ 65ቱ የእኛው ልጆች ነበሩ። ስለ ነዳጅ ፍለጋ ሲወራ እነዚያን ሰዎች የሚያነሳ ጥቂት ነው። እኔ አነሳለሁ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የቀን ሥራ ፍለጋ የሄዱ ነበሩ።

ሌላም አለ። የሳይስሚኩ ከባድ መኪና ሲያልፍ ቁጥቋጦውን ጠርጎ ቀጥ ያለ መንገድ ያወጣል። በዚያ መንገድ ዝናብ ሲዘንብ ውሃው ይሮጥበታል፤ ሳሩ ላይ አያርፍም። የእኛ ቤተሰብ ብርካ፣ ማለትም የዝናብ ውሃ የምናጠራቅምበት ጉድጓድ፣ ግድግዳው ያን ሰሞን ተሰነጠቀ። ከመኪናው ይሁን ከእርጅና ይሁን የሚያረጋግጥልን አልመጣም፤ የዚያን ዓመት በጋ ከሰላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ ገዛን። ኩባንያውን ስሙን አልጠራም። የምለው ግን ሳይስሚክ ከመጀመሩ በፊት በየብርካው ዞሮ ፎቶ ያነሳ፣ የሚመዘግብ ሰው ይኑር። ትልቅ ነገር አይደለም።

ጥያቄ አለኝ፤ ጋዙ ከተገኘ ሃምሳ ዓመት ካለፈው፣ ለምን ይህን ያህል ቆየ?

ባለመዶሻ
ጥር 7፣ ጠዋት 2፡10

ወንድሜ፣ የብርካውን ነገር በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ። ቅድመ ምዝገባው መሠራት ያለበት ነው፣ የሚጠይቀው ሁለት ሰውና አንድ ካሜራ ነው። አቦሌን ስላስታወስከንም እግዚአብሔር ይስጥልን።

ለምን ቆየ ላልከው፣ ግማሹን አንተው ተናግረኸዋል። ጦርነትና የመንግሥት ለውጥ። ግማሹ ደግሞ የጋዝ ጠባይ ነው። ድፍድፍ ነዳጅ ቢሆን በቦቴ ጭነኸው ትሄዳለህ። ጋዝ ግን ቦታ ይፈጃል፤ ወይ ወደብ ድረስ ቧንቧ ትዘረጋለህ፣ ወይ እስከ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዘህ ፈሳሽ ታደርገዋለህ፤ ያን ጊዜ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያንሳል። ወደ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ለመዘርጋት ታቅዶ ነበር። ይህን ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከመጀመሩ በፊት የጋዙ መጠን በገለልተኛ ወገን ተረጋግጦ፣ ገዢውም ተፈራርሞ ማየት ይፈልጋል። ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሰው ካሉብ 2.7፣ ሂላላ 1.3 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ የሚለው ነበር። ለእኛ ትልቅ ነው፤ በዓለም ገበያ ሚዛን ግን በረሃ አቋርጦ ቧንቧ ለሚዘረጋ ሰው የሚያሳስብ መጠን ነው።

በ2018 እ.ኤ.አ. ሰኔ ላይ ከሂላላ በቀን 450 በርሜል ድፍድፍ በሙከራ መውጣት ጀመረ ሲባል አገሩ ሁሉ ተደሰተ፤ እኔም ዕንባዬ መጥቷል። ከዚያ ከቻይናው ኩባንያ ጋር የነበረው ውል በ2022 ተቋረጠ። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2018 ላይ ነው ካሉብ ላይ የመጀመሪያው ምዕራፍ የተመረቀው፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የሚያመርት። ቧንቧ ሳይጠበቅ በመኪና አገር ውስጥ እንዲሠራጭ የታሰበ ነው። አነስ አድርጎ መጀመር ይሻላል ብለን ለዓመታት ስንጨቀጭቅ የነበርን ሰዎች አለን።

ተማሪዋ ወይም ተማሪው፣ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ካሉብ ላይ ጋዙን የያዘው ከሦስት ኪሎ ሜትር በታች ያለ አሸዋ ድንጋይ ነው። ላዩን የከደነው ቦኽ የሚባል ወፍራም የጭቃ ድንጋይ ነው፤ ክዳን ብቻ ሳይሆን እናት ድንጋይም እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ያ ጭቃ በጣም ጠልቆ ጋለ፤ ለዚህ ነው ያገኘነው ከድፍድፍ ይልቅ ጋዝ የሆነው። ምጣዱ ከሚገባው በላይ ጋለ። ተፋሰሱ እስከ አስር ኪሎ ሜትር ይወፍራል፤ ዳርና ዳሩ ላይ ግን ስስ ነው፣ ሙቀቱም የተለየ ነው። ኤል ኩራን ላይ በ1972 ድፍድፍ ታይቷል። እኔ ተማሪ ብሆን የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በዚያ ዳርቻ ላይ ነው፤ የድሮ ጉድጓዶች ናሙና አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያየው ይጠብቃል።

ጂኦ_ተማሪ_3ኛ_ዓመት
ጥር 7፣ ከሰዓት በኋላ 9፡30

ተማሪዋ ነኝ ጋሼ። ናሙናውን ለማየት ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ማጻፍ ጀምሬያለሁ። እግረ መንገዴን፣ አባይ በረሃ የምወርድበት ቀንም ቆርጫለሁ፤ በመስኮት በኩል እቀመጣለሁ።

ወረኢሉ_27
ጥር 8፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለአያቴ በሕይወት እያሉ ይህን ባነብላቸው ደስ ባለኝ። ለጥምቀት አገሬ እገባለሁ። ምንጯ ጋ ስደርስ ምን ባደርግ ይሻላል? የማየው ነገር ነዳጅ ይሁን ሌላ በምን አውቃለሁ?

ባለመዶሻ
ጥር 8፣ ከምሽቱ 3፡00

ጥሩ ጥያቄ ነው። ቀስተ ደመና የሚመስለው ሁሉ ዘይት አይደለም። ብረት ያለበት ረግረግ ውሃ ላይ ባክቴሪያ የሚሠራው ስስ ሽፋንም ልክ እንዲሁ ያብለጨልጫል። ቀጭን እንጨት ውሰድና ቅባቱን መሃል ለመሃል ክፈለው። እንደ ቀጭን መስታወት ተሰባብሮ፣ ስባሪዎቹ ለየብቻ ከቀሩ የባክቴሪያ ነው። እንጨቱን ስታነሳ ተጠማዝዞ ተመልሶ ከገጠመ ዘይት ነው። ከላይ ሰው የሚታጠብበት ወይም መኪና የሚቆምበት ቦታ ካለ ደግሞ ያንንም እይ፤ የፈሰሰ ናፍጣም ይገጥማል። ምንጯ ጋ እሳት አታንድድ፣ ሲጋራም አትለኩስ።

ወረኢሉ_27
ጥር 13፣ ጠዋት 4፡20

ትላንት ከአጎቴ ጋር ወረድን። ምንጯ ከማስታውሰው አንሳለች፣ ቅባቱ ግን አለ። ከላይ መንገድም ቤትም የለም፤ ገደል ብቻ ነው። አጎቴ የወይራ ጭራሮ ቆርጦ ሰጠኝ፣ በመሃል ከፈልኩት። ሁለት ሆነ፣ ዞረ፣ ተመልሶ ገጠመ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ለአጎቴ ስለ እንጨቱ ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ቆየና «አባባ ቢያዩ» አለ።

ባለመዶሻ
ጥር 13፣ ጠዋት 5፡05

ደስ ብሎኛል ወንድሜ። ናሙና ውሰድ። ፕላስቲክ አትጠቀም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ዘይት መሰል ኬሚካል ስለሚለቅ ምርመራውን ያበላሻል። የብርጭቆ ጠርሙስ ይሁን። ከክዳኑ በፊት አፉን በአልሙኒየም ፎይል ሸፍነው። ከጠቆረው ድንጋይም የእጅ መዳፍ የሚያክል ፈልጠህ በፎይል ጠቅልል። ቦታውን ከስልክህ ላይ ገልብጠህ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጨምረህ በእርሳስ ጻፍበት፤ እስክሪብቶ ይፈሳል። ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። አዲስ አበባ ስትመለስ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ለምርመራ የሚቀበል ቦታ አገናኝሃለሁ። ያልታወቀ መውጫ ከሆነ በካርታ ላይ አንድ ነጥብ ይጨመራል።

ወረኢሉ_27
ጥር 13፣ ጠዋት 5፡12

ቤት ያለው የአረቄ ጠርሙስ ነው። ይሆናል?

ባለመዶሻ
ጥር 13፣ ጠዋት 5፡14

ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ እጠበውና ፀሐይ ላይ ይድረቅ። በሳሙና አትጠበው። ይሆናል።